ንጉሥ ሄንሪና የእኛ እድር

የእድር ዳኛ የሆንኩት ማይክ ስለተዘጋብኝ ነው።

ጊዜው 2020፣ ወሩ ኦገስት ነው። ስብሰባው በዙም ነበር። ሚስቴ ባንቺአየሁ ስልኩን ከፍታልኝ ወደ ጓሮ ወጣች። ስድሳ ያህል ሰው በትንንሽ ሳጥን ተደርድሮ ይጨቃጨቃል። ከመሀል አንዱ፣ "ጋሼ ዘገዬ ዳኛ ይሁኑ፤ ከማንም ጋር አልተጣሉም" አለ። አልፈልግም አልኩ። የሰማኝ የለም። ጮህኩ። ሁለት እጄን አወዛወዝኩ። ስብሰባውን የሚመራው ዳግም፣ "ይኸው፣ ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ!" አለ። ሁሉም አጨበጨበ።

ባንቺአየሁ ስትመለስ ስልኩን አየችና፣ "ማይኩ እኮ ዝግ ነው" አለችኝ። ያኔ ሹመቱ አልቋል።

"ለምን እኔን?" አልኳት።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ያልተናገርክ አንተ ብቻ ነሃ።"

እውነቷን ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ከሰባተኛ ክፍል አያልፍም። ሃያ ሁለት ዓመት ላስ ቬጋስ ውስጥ የካዚኖ በር ላይ ሴኩሪቲ ሆኜ ቆሜአለሁ። ሥራዬ መቆምና ማየት ነበር። መናገር አልነበረበትም።

እድሩን ያቋቋመው ጋሽ አለማየሁ ነው። ዘጠና አራት አባወራ ነበረን፤ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም አንድ ላይ። በወር ሃያ ዶላር እናዋጣለን። ሰው ሲሞት እድሩ ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። በ2018 ጋሽ አለማየሁ ልጁ ዘንድ ዳላስ ገባ። ከዚያ በኋላ ምክትሉ አስማማውና ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ላቀች ለዳኝነቱ ተጣሉ።

እኛ ስንጣላ አንማታም። መያዣ እንይዛለን። አስማማው ሁለት መቶውን ተጣጣፊ ወንበርና ድንኳኑን ሄንደርሰን ከተማ ያለው ጋራዡ ውስጥ ቆለፈ። "ሂሳቡ እስኪጣራ" አለ። ወይዘሮ ላቀች መዝገቡንና የቼክ ደብተሩን ኖርዝ ላስ ቬጋስ ቤቷ አስቀመጠች። "ስሜ ከሐሜት እስኪጠራ" አለች። ምግብ ቤት ያላት ብርቅታይት ሁለቱን የሻይ ማፍያ ወሰደች። ሌላው ይህን አይቶ አንዱ ድምፅ ማጉያውን፣ አንዱ የበረዶ ሳጥኑን ያዘ። ባንክ ያለው ገንዘብ ያለ አስማማውና ያለ ላቀች ፊርማ አይወጣም። ሁለቱ ደግሞ አንድ መስኮት ፊት አይቆሙም። አባሉ "ለማን ልክፈል?" አለና አቆመ። የሚከፍል ሃያ ሰባት ሰው ቀረ።

ከሃያ ሰባቱ አንዱ ኪዳኔ ነው።

ኪዳኔ ከሱዳን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ካዚኖ ውስጥ ዲለር ሆኖ ካርታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሚስት የለውም። ልጅ የለውም። ወንድም የለውም። ሴፕቴምበር ላይ ሐኪሙ ልብህ መከፈት አለበት አለው። ቀኑም ተቆረጠ፤ ማክሰኞ፣ ኦክቶበር ሃያ ሰባት። በማግሥቱ ጓሮዬ መጣ። ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ የኮሮና ጊዜ ነው።

"ሞት አያስፈራኝም" አለኝ። "የሚያስፈራኝ ያለ እድር መሞት ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ሬሳ ሸኝቻለሁ። የኔን ማን ሊሸኝ ነው? ካዚኖው?"

"አትሞትም።"

"ዶክተሩም እንደዚያ ነው ያለኝ። ብሎኝ ሲያበቃ ግን ብትሞት አልጠየቅም የሚል ወረቀት አስፈረመኝ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሻዩን ብርጭቆ ሳይጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ዘገዬ፣ ከመተኛቴ በፊት እድሩ ቆሞ ልየው" አለኝ።

እሺ አልኩት። እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም ነበር።

ባንቺአየሁ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። ማርች ላይ ሁሉም ሲዘጋ አሰናበቷት፤ ሲከፈት አልጠሯትም። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ኮሌጅ ተመዘገበች። የደረሳት የእንግሊዝ ታሪክ ነው። ለምን እንግሊዝ ስላት፣ "ሌላው ክላስ ሞልቶ ነበር" አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ገበታ ላይ ታነባለች። ያልገባት ነገር ሲኖር በአማርኛ ለእኔ ታወራዋለች። ለእኔ ስታወራው ይገባታል።

"ንጉሡ ሄንሪ ነው፣ ሁለተኛው" አለች አንድ ጠዋት። "በሃያ አንድ ዓመቱ ነገሠ። ከሱ በፊት እናቱና የአክስቷ ልጅ ለዘውድ ሲዋጉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። መኳንንቱ በየጉብታው ያለ ፈቃድ ምሽግ ሠሩ። የንጉሡን መሬት ያዙ። አንዳንዱ የራሱን ገንዘብ አሳተመ። ለመንግሥት የሚገባው ግብር ወደ ሢሶ ወረደ።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

"አስማማው ነው" አልኩ።

"ምኑ?"

"ምሽጉ። ሄንደርሰን ያለው ጋራዥ።"

"አንተ ሰው፣ ይሄ ፈተና ነው! ጥያቄው ምን ይላል መሰለህ? ሄንሪ የዘውዱን ሥልጣንና ገቢ እንዴት መለሰ ነው የሚለው።"

"እንዴት መለሰ?"

"ገና አልደረስኩም።"

"ቶሎ ድረሺ" አልኳት። "ለኪዳኔ ሠላሳ አራት ቀን ነው የቀረው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ አንድ ምዕራፍ ታነባለች፣ እኔ አንድ ሥራ እሠራለሁ።

ንጉሡ መጀመሪያ ያደረገው ቀን መቁረጥ ነው። አያቱ የሞቱበትን ቀን መለኪያ አደረገ። ያን ቀን የዘውዱ የነበረ ሁሉ ወደ ዘውዱ ይመለስ አለ። በጦርነቱ ማን ልክ ነበር፣ ማን አጠፋ፣ ያን ለመመርመር አልተቀመጠም። ይህን ወደድኩለት። እኛ ሁለት ዓመት የተጨቃጨቅነው ማን አጠፋ በሚለው ነው።

ዳላስ ለጋሽ አለማየሁ ደወልኩ። ሲሄድ የእድሩን ንብረት በዝርዝር ጽፎ ነበር።

"አለኝ" አለ። "በስልክ ልላክልህ?"

"አይሆንም። በፖስታ አሽገህ ላክ። በሰው ፊት ይከፈታል። እኔም አላየውም።"

"ተኩራርተሃል" አለኝ።

"ንጹሕ ሥራ ነው የምፈልገው" አልኩት። ይህን ማለቴን በኋላ አስታወስኩት።

በስልክ ግሩፑ ላይ ባንቺአየሁ ጻፈችልኝ። እሁድ ኦክቶበር ሃያ አምስት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ባለው የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ። ሁሉም መኪናው ውስጥ ሆኖ ይሰበሰባል። የእድሩ ንብረት በእጁ ያለ ሁሉ ይዞ ይምጣ። ለምን ያዝክ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። ያላመጣ መቶ ዶላር ይቀጣል።

ብርቅታይት ወዲያው መለሰች፤ "ጋሼ፣ ማፍያዎቹን አጥቤ ነው የማመጣው።" አስማማው ግን "ሂሳቡ ሳይጣራ አንዲት ወንበር አትወጣም" ብሎ ጻፈ። ሃያ ሰው የአውራ ጣት ምልክት አደረገለት።

"ንጉሡን እንቢ ያለው የለም?" ስል ጠየቅኳት።

"አለ" አለች ባንቺአየሁ ገጽ እየገለጠች። "ሂው የሚባል ባላባት። ንጉሡ ሦስቱንም ምሽጎቹን ባንድ ጊዜ ከበበበት። እጁን ሲሰጥ የዘውዱ የነበረውን አንዱን ብቻ ወሰደበት። ሁለቱን ተወለት።"

"ተወለት?"

"ተወለት። ደግሞ ይሄ ንጉሥ አይቀመጥም ነበር ይላል። ከፈረስ ሲወርድ እንኳ ቆሞ ነው የሚውለው።"

ይህ ሰው ገባኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄንደርሰን አስማማው ጋራዥ ፊት ቆምኩ። በር አላንኳኳሁም። ፀሐዩ ገና አልጠነከረም። አራት ሰዓት ላይ ሚስቱ ሳሮን በመስኮት አየችኝ። አራት ተኩል ላይ አስማማው ማስኩን እያስተካከለ ወጣ።

"ጋሼ ዘገዬ! ምነው ውጭ? ይግቡ እንጂ።"

"ኮሮና ነው። እዚህ ይሻለኛል።"

"ምን ፈለጉ?"

"ምንም። ቆሜያለሁ።"

ገባ። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ወጣ። ጎረቤቱ ውሻ እያናፈሰ ለሁለተኛ ጊዜ አልፎ ነበር፤ አስማማው አይቶታል።

"ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ ሰው ምን ይለኛል? ቢያንስ ወንበር ላምጣልዎት።"

"ከየትኛው ወንበር?" አልኩት። "ከእድሩ?"

ሳሮን ከውስጥ ስትስቅ ተሰማ። አስማማውም ሳቁን ለመያዝ ታገለና አቃተው። ጋራዡን ከፈተው። ሁለት መቶው ወንበር በላስቲክ ተሸፍኖ በሥርዓት ተደርድሯል። አቧራ እንኳ የለበትም። ያን ጊዜ ይህ ሰው ሌባ አለመሆኑን በዓይኔ አየሁ።

"ሂሳቡ በሰው ፊት ይቆጠር፤ እኔ ሌላ አልፈልግም" አለ።

"ይቆጠራል። ወንበሮቹን እሁድ አምጣ። ተቆጥረው ሲያልቁ እዚሁ ይመለሳሉ። ንብረት ያዡ አንተ ነህ። ጋራዡ ያንተ መያዣ ሳይሆን የእድሩ ግምጃ ቤት ሆኖ ነው የሚቆየው።"

የአንዱን ወንበር ላስቲክ አስተካከለ። ከዚያ፣ "ቁልፉን ምን ላድርግ?" አለኝ።

"ያንተው ዘንድ ይቀመጥ።"

ወይዘሮ ላቀች ግን በበሯ ቆማ አለቀሰች። "መዝገቡን አመጣለሁ። ግን ማን ያምነኛል? እኔ ባነበው 'የጻፈችው እሷ፣ ያነበበችው እሷ' ይላሉ።" እውነት ነበራት። አስብበታለሁ ብያት ወደ ቤት ተመለስኩ።

መልሱ ከሁለት ቀን በኋላ በቁርስ ሰዓት መጣ። "ስማ" አለች ባንቺአየሁ። "የንጉሡ ሹማምንት በዓመት ሁለት ጊዜ ገበታ ላይ መስመር ያለበት ጨርቅ ያነጥፋሉ፤ እንደ ዳማ ገበታ። አንዱ ረድፍ ለሺ፣ አንዱ ለመቶ፣ አንዱ ለአሥር። ግብር ሰብሳቢው በዚህ ወገን፣ የንጉሡ ሰው በዚያ ወገን ይቀመጣል። የተከፈለውን በጠጠር ያስቀምጣሉ፣ የወጣውን ያነሣሉ። ማንበብ የማይችለውም ያያል። ለከፈለ ደግሞ እንጨት ላይ ምልክት ይቆርጡና ለሁለት ይሰነጥቁታል። ግማሹ ከከፋዩ፣ ግማሹ ከንጉሡ ዘንድ ይቀራል። ሁለቱ ሲገጥሙ ማጭበርበር የለም።"

"ባንቺ" አልኳት፣ "ይሄማ የካዚኖ ጠረጴዛ ነው።"

ለኪዳኔ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኩት። ብዙ ሳቀ፤ ሐኪሙ ብዙ አትሳቅ ብሎት ነበር።

"ለጠጠሩ የካዚኖ ቺፕስ አለኝ" አለ፤ በገንዘብ ፈንታ ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረውን ክብ ፕላስቲክ ማለቱ ነው። "እንጨት የለኝም። ያረጀ ካርታ ግን ሣጥን ሙሉ አለ። ካርታ ሲቀደድ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይቀደድም።"

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ፓርኪንጉ ሞላ። ሰባ አንድ መኪና ቆጠርኩ። ሁሉም መስኮቱን ዝቅ አድርጓል። መሀል ላይ ጠረጴዛ አቆምን። ባንቺአየሁ አልጋ ልብስ ላይ በጥቁር ቀለም መስመር አስምራለች። ኪዳኔ የድሮ የሥራ ሰደርያውን ለብሶ፣ ቢራቢሮ ክራቫቱን አስሮ መጣ። ሰደርያው ሰፍቶታል። ቢሆንም ቆሞ ሲታይ ያምር ነበር።

ከፊተኛው መኪና ወይዘሮ የሻሽወርቅ ራሷን አወጣች። ጸሎተኛ ናት። "ቺፕስ? ካርታ? በቤተ ክርስቲያን ግቢ? በእሁድ?"

"እትዬ የሻሽወርቅ" አለ ኪዳኔ፣ "ይሄ ቁማር አይደለም። በዚህ ጨርቅ ላይ የሚያሸንፍ የለም።"

"እንዲያ ከሆነ እሺ" አለች። አንገቷን ግን አልመለሰችም፤ ማየት ፈልጋለች።

ወይዘሮ ላቀች በአንድ ወገን ቆማ ከመዝገቡ ታነባለች። አስማማው በሌላው ወገን ደረሰኙን ያያል። ኪዳኔ በመሀል ቺፕስ ያስቀምጣል፣ ያነሣል። አንድ ቁጥር በጨረሰ ቁጥር እጁን ያጨበጭብና መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ያሳያል። ዲለር ጠረጴዛ ሲለቅ የሚያደርገው ነው፤ ከላይ ያለው ካሜራ እጁ ባዶ መሆኑን እንዲያይ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። በኋላ ግን ባጨበጨበ ቁጥር ከየመኪናው "እሺ!" ይላሉ።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጨርቁ ላይ አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ዶላር ቀረ። ከባንኩ የመጣውን ወረቀት አነበብኩ። አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ይላል።

"አርባ ሁለት ጎደለ!" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

የወይዘሮ ላቀች ፊት አመድ መሰለ። አስማማው ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተጠግቶ አየ።

"የባንክ ክፍያ ነው" አለ። ድምፅ ማጉያውን ያዘና ደገመው። "ባንኩ የቆረጠው ነው! ወይዘሮ ላቀች አንዲት ሳንቲም አልነካችም።"

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "ይቅርታ" ለማለት አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው፤ "አንተም ወንበሮቹን በደንብ ነው የያዝካቸው" አለችው። ክላክሱ ቀለጠ።

ቀጥሎ የጋሽ አለማየሁ ፖስታ ተከፈተ። ወይዘሮ ላቀች አነበበች። ሁለት መቶ ወንበር፤ አለ። ድንኳን፤ አለ። የሻይ ማፍያ ሁለት፤ አለ፣ ታጥቧል። ድምፅ ማጉያ፤ አለ። የበረዶ ሳጥን፤ አለ። ከዚያ ቆመች። ድጋሚ አየች። ዓይኗ ከማስኩ በላይ ሳቀ።

"አንድ ትልቅ ብረት ድስት፣ መቶ ሰው የሚያበላ" አለች። "በአቶ ዘገዬ እጅ።"

ባንቺአየሁን አየኋት። እሷ ሰማዩን ታያለች።

ድስቱን አውቀዋለሁ። ጓሮዬ ነው ያለው። ጤና አዳም ተተክሎበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጥቼዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እጅ ሳይ የኖርኩ ሰው፣ እጄ ላይ ያለውን አላየሁም።

"ጋሼ ዘገዬ" አለ አስማማው በማጉያው፣ ቀስ ብሎ፣ "ቅጣቱ ስንት ነበር?"

"መቶ" አልኩ።

"አልተሰማም!"

"መቶ ዶላር!"

ኪሴ ውስጥ ስልሳ ነበረኝ። አርባውን ባንቺአየሁ ሞላች። እየሳቀች ነው የሰጠችኝ። ኪዳኔ በመቶው ረድፍ ላይ አንድ ቺፕ አስቀመጠ፣ አጨበጨበ፣ መዳፉን ለሰማይ አሳየ። ሳቁ ፓርኪንጉን አናወጠው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ መሪውን ተደግፋ ዕንባዋን ትጠርጋለች።

ከመኪናዋ መጀመሪያ የወረደችውም እሷ ናት። ሃያ ዶላሯን ጨርቁ ላይ አኖረች።

"ዳኛው የሚቀጣበት እድር ከሆነ እከፍላለሁ" አለች።

ከኋላዋ ሰልፍ ተሠራ። ስድሳ ሦስት አባወራ በዚያ ቀን ከፈለ። ኪዳኔ ለእያንዳንዱ ካርታ እየቀደደ ግማሹን ሰጠ፣ ግማሹን ሳጥን ውስጥ ከተተ። ባንክ ሄደው ለመፈረምም አስማማውና ላቀች ቀጠሮ ያዙ።

መጨረሻ ላይ ኪዳኔ ራሱ ከፈለ። ለሦስት ወር።

"እስከ ዲሴምበር" አለ። ጥቁር ሰባት መዘዘና ቀደደ። ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ግማሹን በሰደርያው ኪስ አስገባ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰደርያውን እንደለበሰ ሆስፒታል አደረስኩት። በኮሮና ምክንያት አላስገቡኝም። በሩ ፊት ያለው ፓርኪንግ ላይ ቆምኩ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳልቆም አስማማው ሁለት ወንበር ይዞ መጣ።

"የእድሩ ነው፤ መዝግቤ ነው ያወጣሁት" አለ። "አሁን ይቀመጣሉ?"

ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ላቀች መጣች። ብርቅታይት ሻይ ይዛ መጣች። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከመኪናዋ ሳትወርድ ትጸልያለች። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር አስማማው ወደ መኪናው እየተመላለሰ ወንበር ያወጣል። ከቀትር በኋላ ስቆጥር አሥራ አራት ወንበር ነበር፤ ሁሉም ተራርቆ፣ ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ። የሆስፒታሉ ጥበቃ መጥቶ ማን እየተጠበቀ እንደሆነ ጠየቀ። ባንቺአየሁ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ተመልሶ ሄደ። ያን የመሰለ ጥበቃ እኔም በሆንኩ አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ ደወለች። በሰላም ወጥቷል። ሰመመኑ ሲለቀው መጀመሪያ የጠየቀው ሰደርያው የት እንዳለ ነው አለችን።

ባንቺአየሁ ፈተናዋን ዘጠና ሁለት አመጣች። ስምንቱን የቆረጠባት መምህሩ፣ የድስቱ ታሪክ ከጥያቄው ውጭ ነው ብሎ ነው። ጤና አዳሙን ወደ መሬት አዛወርነው። ድስቱን አጥቤ ሄንደርሰን ወሰድኩት። አስማማው አስፈረመኝ።

ጃንዋሪ 2021፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ኪዳኔ በእግሩ ጓሮዬ መጣ። ከስቷል። ከኪሱ ግማሽ ካርታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እኔም ሳጥኑን አምጥቼ ግማሹን ፈለግሁና አጠገቡ አስቀመጥኩ። ገጠመ።

"አየህ? ዕዳ የለብኝም" አለ።

"ይሄ እስከ ዲሴምበር ነው። ዛሬ ጃንዋሪ ነው።"

"አንተ ሰው! ልቡ ተከፍቶ የተሰፋን ሰው መዋጮ ትጠይቃለህ?"

"መቶ ዶላር ስትቀጡኝ ማን አዘነልኝ?"

አጉረመረመ። ሃያ ዶላር አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከዚያ እጁን አንድ ጊዜ አጨበጨበና ሁለቱን መዳፎቹን ገልብጦ አሳየኝ።

አየሁለት። ሳጥኑን ከፍቼ ገና ያልተቀደደ ካርታ መዘዝኩ።